ዲስኩ ሞቷል ተባልኩ፣ የሞቱት የፊት ዩኤስቢዎች ግን በድንገት መሥራት ጀመሩ (ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3050 ማይክሮ)

ጸሐፊው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ መልስ የምፈልግበት ጉዳይ ስለሆነ ረዘም ቢልም አንብቡልኝ።

ጎንደር ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እንጽፋለን፣ እናትማለን። ዋናው ማሽኔ ያገለገለ የተገዛ የዴል ኮምፒውተር፣ ኦፕቲፕሌክስ 3050 ማይክሮ ነው። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ5 ሰባተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ዲስኩ 256 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ፣ ዊንዶውስ 10። ለአማርኛ መጻፊያ ፓወር ግዕዝ ስለምጠቀም ከዊንዶውስ መውጣት አልችልም።

ከገዛሁት ጀምሮ ከፊት ያሉት ሁለት ዩኤስቢዎች አይሠሩም። ደንበኛ ፍላሽ ሲሰጠኝ ማሽኑን አዙሬ ከኋላ ነው የምሰካው። ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። ኪቦርዱን ከፊት ሰክቼ ኤፍ2 ብጫን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ያስገባኛል፣ እዚያ ውስጥም እንደ ልብ ይሠራል። ዊንዶውስ ሲነሳ ግን ቀጥ ይላል። ሻጩን ስጠይቀው «ፖርቱ ተቃጥሎ ነው፣ ቦርድ ካልተቀየረ አይሆንም» ስላለኝ ተውኩት።

ሌላው፣ ማታ መብራት ከጠፋ ጠዋት ቀኑ ወደ ኋላ ሄዶ ነው የማገኘው። «ታይም ኦፍ ዴይ ኖት ሴት» ብሎ ይቆማል። ኤፍ1 ተጭኜ፣ ቀኑን አስተካክዬ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ትናንት መብራት ጠፍቶ አደረ። ዛሬ ጠዋት ስከፍተው «ኢንቫሊድ ኮንፊገሬሽን ኢንፎርሜሽን» የሚል አይቼው የማላውቀው ነገር ጨመረ። ኤፍ1 ስጫን ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ ታች «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ይላል፣ የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም እንደማለት። ደጋግሜ ብከፍተውም ያው ነው። የሚጠግን ልጅ ጠራሁ። የዊንዶውስ ፍላሽ ሰክቶ አስነሳውና ዲስክ መምረጫው ጋ ሲደርስ ገጹ ባዶ ነው። አንድም ዲስክ የለም። «ኤስኤስዲው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ብሎኝ ሄደ። ውስጡ የደንበኞች ሥራ አለ። ሰኞ የሚቀርብ የአንዲት ልጅ መመረቂያ ጽሑፍም አለ፣ ኮፒው ሌላ ቦታ የለም።

እሱ ከሄደ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። ፍላሹን የሰካው ከፊት ነበር። ያ ፖርት እኮ አይሠራም ነበር! ይሄ ምን ማለት ነው? ዲስኩን ከመግዛቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ካለ በናታችሁ።

ፈጣን፦

ብሮ ቫይረስ ይሆናል። ሌላ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ 11 አዘጋጅና ፎርማት አድርገው። ዊንዶውስ 10 ለማንኛውም ድጋፉ አብቅቷል።

አይቲዋ፦

ወንድሜ፣ እባክህ ምንም ፎርማት እንዳታደርግ። ዲስክም አትግዛ። ዲስክህ ደህና ነው ብዬ ነው የማስበው፣ እንዲያ እንዳስብ ያደረገኝም ያ በመጨረሻ የጻፍከው የፊት ፖርት ነው።

እኔ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ነው የማስተዳድረው። መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ፍላሽ እየሰካ ቫይረስ እንዳያስገባ፣ ፋይልም ይዞ እንዳይወጣ የፊት ዩኤስቢዎችን ከባዮስ ይዘጋሉ። በአንተ ማሽን ባዮስ ውስጥ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን» ሥር «ዩኤስቢ ኮንፊገሬሽን» የሚል አለ። እዚያ ውስጥ የፊትና የኋላ ፖርቶችን ለየብቻ የሚከፍቱና የሚዘጉ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፣ ከፍላሽ ማስነሳትን የሚፈቅድ ሌላ ሳጥንም አለ። ማሽኑ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ ገበያ ሲገባ ያን ሳጥን የነካው ሰው የለም ማለት ነው።

ኪቦርድህ ባዮስ ውስጥ የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ዴል የዩኤስቢ ኪቦርድና ማውስ ባዮስ ውስጥ ሁልጊዜ እንዲሠሩ አድርጓል፣ ፖርቱ ቢዘጋም እንኳ። እንዲያ ባይሆን ፖርቱን የዘጋው ሰው ራሱ ተመልሶ ገብቶ መክፈት አይችልም ነበር። ስለዚህ ከፊት የተሰካ ኪቦርድ ባዮስ ውስጥ ከታዘዘ ፖርቱ አልተቃጠለም። የተቃጠለ ፖርት ባዮስ ዊንዶውስ ብሎ አይመርጥም።

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ሴቲንጉን ማንም ሳይነካው የተዘጋው ፖርት ዛሬ ተከፈተ። ይሄ የሚሆነው ባዮሱ ሁሉንም ነገር ወደ ፋብሪካ ሴቲንጉ ሲመልስ ነው። በፋብሪካው ሴቲንግ የፊት ዩኤስቢ ክፍት ነው። ግን ብቻውን አልተመለሰም፣ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ የሚመርጠው «ሳታ ኦፕሬሽን» የሚባለውም አብሮት ተመልሷል። ዴል ብዙ ማሽኖቹን የሚያወጣው «ሬይድ ኦን» ላይ አድርጎ ነው። የአንተን ዊንዶውስ የጫነው ሰው «ኤኤችሲአይ» በሚባለው ሌላው መንገድ ላይ አድርጎ ጭኖት ከሆነ፣ አሁን ዊንዶውሱ ዲስኩን በሚያውቀው መንገድ ሊያገኘው አይችልም። ሰማያዊው ስክሪን እሱ ነው።

የልጁ ፍላሽ ዲስኩን ያላየውም ለዚሁ ይመስለኛል። ሬይድ ኦን ላይ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲው ከኢንቴል መቆጣጠሪያ ጀርባ ይገባል። የዊንዶውስ 10 መጫኛ ደግሞ የኢንቴሉ ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ካልተሰጠው ባዶ ገጽ ነው የሚያሳይህ። የሊኑክስ ፍላሽ ብታስነሳም ያው ነው። ብዙ ደህና ዲስክ በዚህ ምክንያት ሞተ ተብሎ ይጣላል፣ በጣም ያናድደኛል።

እንዲህ አድርግ። ኤፍ2 ተጭነህ ግባ። መጀመሪያ «ጀነራል» ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ላይ የኤም ዶት 2 ኤስኤስዲው ስም ተጽፎ እንደሆነ እይ። ስሙ ካለ ባዮሱ ያየዋል ማለት ነው። ከዚያ «ሲስተም ኮንፊገሬሽን»፣ «ሳታ ኦፕሬሽን» ግባና የተመረጠውን በስልክህ ፎቶ አንሳ። ሬይድ ኦን ከሆነ ኤኤችሲአይ አድርገህ «አፕላይ» በል፣ ውጣ። ይሄን መቀየር በራሱ ፋይል አያጠፋም። ዊንዶውስ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር ቁልፍ ከጠየቀህ አትደናገጥ፣ ዲስኩ ተቆልፎ ስለነበር ነው። ቁልፉ ዊንዶውሱ የተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ሊኖር ይችላል።

ምን እንዳየህ ንገረኝ።

ፈጣን፦

አንዳንዴ ግን ፎርማት ይሻላል፣ እኔ ስንት ማሽን አስተካክዬበታለሁ።

አይቲዋ፦

ወንድሜ፣ መጫኛው ዲስኩን ካላየ ምኑን ፎርማት ያደርጋል? ካየው ደግሞ የልጅቷ መመረቂያ ጽሑፍ ይሄዳል። ዊንዶውስ 11ም ለዚህ ማሽን አይሆንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ከኢንቴል በኩል የሚጀምረው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ትውልድ ነው። በጎን መንገድ ይጫናል፣ ግን ሰው ሥራው ቆሞ ባለበት ሰዓት የሚሞከር ነገር አይደለም።

ጋሽ ሰርኪት፦

የእህታችን ምርመራ ትክክል ነው፣ እኔም አምናለሁ። የምጨምረው ሥሩን ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው ከአንዲት የሰዓት ባትሪ ነው። ሲአር2032 ይባላል፣ 3 ቮልት ናት፣ ከሳንቲም ብዙም አትበልጥም። ገመዱ ሲነቀል ወይም መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። መብራት እያለ ማሽኑ ከአዳፕተሩ ስለሚወስድ ድካሟ አይታወቅም። አንተ የጻፍከውን ልብ በል፣ ቀኑ የሚጠፋው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ባትሪዋ እያለቀች ስትመጣ መጀመሪያ ሰዓቱ ይሄዳል። ቀጥሎ «ኢንቫሊድ ኮንፊገሬሽን» ይመጣና ሴቲንጉ ይሄዳል። ዛሬ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሰሃል። ስለዚህ ኤኤችሲአይ ብታደርገውና ቢነሳልህም ባትሪዋን ካልቀየርክ መብራት በጠፋ ማግስት እዚሁ ትመለሳለህ። 

ስትቀይር ገመዱን ንቀል፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ፣ የቀረው ኃይል ይውጣ። ክዳኑ ከኋላ ባለው አንድ ብሎን ነው የሚከፈተው፣ ከዚያ ወደ ፊት ተንሸራቶ ይነሳል። ባትሪዋን በካቻቢቴ አትፈንቅላት፣ በጎን ያለችውን መያዣ ገፋ ስታደርጋት ራሷ ብድግ ትላለች። የፕላስ ምልክቱ ወደ ላይ ነው። የምትገዛትን በመልቲሜትር አስለካ። አዲስ ከሆነች ከ3 ቮልት ትንሽ አለፍ ትላለች። ሱቅ ውስጥ ብዙ የቆየች አሮጌ ትሰጥህና ጥቂት ወር ቆይቶ ያው ይሆናል፣ ብዙ አይቻለሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ ልጄ። ማሽኑ ሲነሳ ስለ አዳፕተር የሚናገር መልእክት አይመጣም?

ጸሐፊው፦

ተነሳ! እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ፣ በምን ቃል ላመስግንሽ። የኤስኤስዲው ስም «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ላይ አለ። «ሳታ ኦፕሬሽን» ልክ እንዳልሽው ሬይድ ኦን ላይ ነበር። ኤኤችሲአይ አደረግኩት፣ አፕላይ አልኩ፣ ዊንዶውስ ገባ፣ ቢትሎከርም አልጠየቀኝም። የልጅቷን ጽሑፍ መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ፣ ያውም በፊት ፖርት። ሌላውንም እየገለበጥኩ ነው።

ጋሼ፣ ባትሪዋን ነገ እቀይራለሁ። ስለ አዳፕተር ያሉት አዎ፣ ይመጣል። «ኤሲ ፓወር አዳፕተር ዋቴጅ ኤንድ ታይፕ ካንኖት ቢ ዲተርሚንድ» ይላል፣ ኤፍ1 ብዬ ነው የማልፈው። ማሽኑ ዘገምተኛ ነው፣ ረጅም ፋይል ላይ ስጽፍ ፊደሉ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። እኔ ማርጀቱ ነው ብዬ ነበር። ግንኙነት አለው?

ከተነሳ አይቀር አንድ ልጨምር። ደንበኛው እየጻፍኩለት ያለውን ፊት ለፊቱ እያነበበ ስህተት እንዲነግረኝ ሁለተኛ ሞኒተር አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ሞኒተር በዲስፕሌይፖርት ነው የተሰካው፣ ደህና ነው። ለሁለተኛው አንዱ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ጫፉ ዲስፕሌይፖርት የሆነ ገመድ ገዛሁ። ኤችዲኤምአዩን ኮምፒውተሩ ላይ፣ ዲስፕሌይፖርቱን ሞኒተሩ ላይ ሰካሁ። «ኖ ሲግናል» ይላል። ይሄም ከባዮስ የሚስተካከል ነው?

ጋሽ ሰርኪት፦

በጣም አለው እንጂ። የዴል አዳፕተር ጫፍ መሃል ላይ ቀጭን መርፌ የመሰለች ፒን አለች። ኃይል የምታስተላልፈው እሷ አይደለችም፣ አዳፕተሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለኮምፒውተሩ የምትነግረው ናት። ፒኗ ከተጣመመች፣ ሽቦዋ ውስጥ ለውስጥ ከተቆረጠች፣ ወይም አዳፕተሩ ተመሳስሎ የተሠራ ከሆነ ማሽኑ የተሰካበትን አያውቅም። ባያውቅ ደግሞ ከአቅም በላይ እንዳይስብ ብሎ ፕሮሰሰሩን ያቀዘቅዘዋል።

አሁኑኑ ታረጋግጠዋለህ። ታስክ ማናጀር ክፈት፣ «ፐርፎርማንስ»፣ «ሲፒዩ» ላይ ሂድ። ከባድ ፋይል ከፍተህ እየሠራህ «ስፒድ» የሚለው ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ቆሞ ንቅንቅ ካላለ ምክንያቱ አዳፕተሩ ነው። ደህና ማሽን ሥራ ሲበዛበት ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ ይወጣል። ራም አትጨምር፣ ፎርማትም አታድርግ። መጀመሪያ ጫፉን በባትሪ መብራት እያት፣ ፒኗ ቀጥ ብላ መሃል ላይ መቆም አለባት። ከዚያ ከሰው ትክክለኛ 65 ዋት የዴል አዳፕተር ተውሰህ ሞክር። ላፕቶፕ የያዘ ሰው አይጠፋም፣ ግን ጫፉ ቀጭንና ወፍራም አለው፣ የሚገባውን እይ። መልእክቱ ከጠፋ አዳፕተር ግዛ። በደህና አዳፕተርም ካልጠፋ ግን የመሰኪያው ቀዳዳ ነው፣ እሱ የብየዳ ሥራ ነው።

አይቲዋ፦

ጽሑፉ በመዳኑ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ።

የሞኒተሩ ጉዳይ ከባዮስ አይደለም። እነዚያ ገመዶች የአንድ አቅጣጫ ናቸው። ዲስፕሌይፖርቱ ኮምፒውተር ላይ፣ ኤችዲኤምአዩ ሞኒተር ላይ ሲሆን ነው የሚሠሩት። ዲስፕሌይፖርት ያለው ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ የኤችዲኤምአይን ሲግናል ራሱ ማውጣት ይችላል፣ ገመዱ ማገናኘት ብቻ ነው የሚቀረው። ኤችዲኤምአይ ግን የዲስፕሌይፖርትን ሲግናል ማውጣት አይችልም። በተቃራኒው እንዲሄድ ከፈለግክ ውስጡ መለወጫ ቺፕ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ለብቻው የዩኤስቢ ኃይል የሚፈልግ አዳፕተር ያስፈልጋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ሳትገዛ የሚሆን አለ። የመጀመሪያው ሞኒተርህ ከኋላው የኤችዲኤምአይ መግቢያ አለው? ካለው እሱን በተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ አዛውረው። አሁን እሱ ላይ ያለውን የዲስፕሌይፖርት ገመድ ደግሞ ለደንበኛው ሞኒተር ስጠው። አለቀ። ከዚያ ዊንዶውስና ፒን አንድ ላይ ተጫንና «ዱፕሊኬት» ምረጥ፣ ደንበኛው አንተ የምታየውን ያያል። የግል መልእክትህንም ጭምር ስለሚያይ ግን «ኤክስቴንድ» አድርገህ የምትጽፍበትን የማይክሮሶፍት ወርድ መስኮት ብቻ ወደ እሱ ብትጎትተው ይሻላል። እኔ ብሆን እንዲያ ነው የማደርገው።

ሽቦ አልባ ማውስ አለህ? መቀበያውን ፍላሽ ከምትሰካበት ጎን አታድርገው። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ ማውሱ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይረብሻል፣ ማውሱም ይንቀጠቀጥብሃል። ኢንቴል ራሱ በ2012 ስለዚህ ነገር ጽፏል። ከኋላ «ኤስኤስ» የሚል ምልክት የሌለባቸው ሁለቱ ዩኤስቢ 2 ናቸው፣ እዚያ ስካው።

ጸሐፊው፦

ሁሉም እንዳላችሁት ነው። ስፒዱ 0.78 ላይ ተቸክሎ ነው ያገኘሁት። ጎረቤቴ ካለ ሱቅ የላፕቶፕ አዳፕተር ተውሼ ስሰካ መልእክቱም ጠፋ፣ ማሽኑም ሌላ ማሽን ሆነ። ሞኒተሮቹንም አዛወርኩ፣ ሁለቱም ይሠራሉ።

የመጨረሻ ጥያቄ። ባዮስ ውስጥ ስዞር «ፓወር ማኔጅመንት» ሥር «ኤሲ ሪከቨሪ» የሚል አየሁ። መብራት ሲመጣ ራሱ እንዲነሳ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው? ባደርገው ይሻላል?

ጋሽ ሰርኪት፦

ይቻላል። ሦስት ምርጫ አለው፦ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይነሳ፣ ወይም መብራቱ ሲጠፋ ወደነበረበት ይመለስ። ራሱ የሚነሳው ለካሜራ መቅረጫና ለሰርቨር ነው የሚጠቅመው፣ ሰው በሌለበት መሥራት ላለበት። ላንተ አይሆንም። መብራት ሲመለስ ብዙ ጊዜ መጥቶ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከፍ ብሎ ይመጣል። ማሽኑ በእያንዳንዱ ብልጭታ ለመነሳት ሲታገል ዲስኩ ላይ እየጻፈ ይቋረጣል። «ፓወር ኦፍ» ላይ ተወው። መብራቱ ረጋ ሲል በጣትህ አብራው። ትንሽም ብትሆን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የምትሰጥ) ከገዛህ ኮምፒውተሩንና ሞኒተሩን ብቻ ስካባት። ሌዘር ፕሪንተር ካለህ እሷ ላይ እንዳትሰካው፣ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ትንሽ ዩፒኤስን ይጥለዋል።

ነገ ባትሪዋን ስትቀይር ሴቲንጉ እንደገና ወደ ፋብሪካው ሊመለስ ስለሚችል፣ ዊንዶውስን ከማስነሳትህ በፊት ኤፍ2 ብለህ ግባ። ቀንና ሰዓቱን ሙላ፣ ሳታውን ኤኤችሲአይ አድርግ፣ የፊት ዩኤስቢው ሳጥን ምልክት እንዳለበት እይ። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተህ ስልክህ ላይ አስቀምጠው። ሱቅ ስትዘጋ ገመዱን ከግድግዳው ነቅለህ አሳድረው። ጠዋት ሰክተህ ስታበራው ቀኑ ልክ ከሆነ ጨርሰሃል። ልክ ካልሆነ ባትሪዋን እንደገና አስለካት። ቮልቷ ደህና ሆኖ ቀኑ ከጠፋ መያዣዋ ላይ ያለችው ብረት ጥብቅ አልነካቻትም ማለት ነው፣ በጥፍርህ ቀና አድርጋት።